ዓባይ በረሃን በሳይክል

ኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። አራት ጓደኛሞች ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በሳይክል ለመሄድ ተነሳን። በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ የሚዞረውን፣ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ ነበር የመረጥነው። ሰዉ በኪሎ ሜትር ሊከፍለን ቃል ስለገባ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ገንዘቡም ይጨምራል። አንዱ 5 ብር፣ አንዱ 10 ብር፣ የሰፈራችን ባለ ሱቅ ደግሞ 20 ብር።

ገንዘቡ የልጅነት የስፖርት አስተማሪያችን የኩላሊት እጥበት መክፈያ ነው። እስከ ዛሬ "ቲቸር" ነው የምንላቸው። ሩጫ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት ያህል ከማሽን ጋር ተያይዘው ይተኛሉ።

ከመሄዳችን በፊት ልሰናበታቸው ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው የመድኃኒት መዋጫ ውሃ በቡና ሲኒ አቀረቡላቸው። ቲቸር ግማሹን ጠጡና ሲኒውን መለሱ። "ይሄ ለማታ ይሁን" አሉ። ኩላሊት ሥራ ሲያቆም የጠጡት ውሃ መውጫ አጥቶ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ልብንና ሳንባን ያስጨንቃል። ስለዚህ ውሃቸው በልክ ነው። በሽታውን አውቀው ነበር። ያችን ሲኒ እስካይ ድረስ ግን ነገሩ አልገባኝም ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ደህና አለፉ። እንጦጦን ተሻግረን በሱሉልታና በጫንጮ አድርገን ፍቼ አደርን። በማግሥቱ ጎሐ ጽዮን ገባን። ነፋሱ ፊት ለፊት እየመጣ አስቸግሮናል፤ ሌላው ሜዳ ነው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ቀን ላይ ዓባይ በረሃ ነው።

መንገዱን በመኪና ያለፈ ሰው ያውቀዋል። ከጎሐ ጽዮን አፋፍ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለህ፣ ወንዙን ትሻገራለህ፣ ከዚያ የወረድከውን ያህል ወደ ደጀን ትወጣለህ። ሁሉም ተደምሮ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዕቅዳችን ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስተን ፀሐይ ሳትበረታ ዳገቱን መጀመር ነበር። ቁርስ ሳንበላ አንሄድም ያልኩት እኔ ነኝ። ዳቦና ሻይ ስንጠብቅ፣ ዕቃችንን የያዘችው ፒካፕ ነዳጅ ስትፈልግ፣ 3 ሰዓት ሆነ። የዚያ ቀን መከራ ግማሹ የመጣው ከዚህ ነው።

ቁልቁለቱም እንዳሰብኩት አልሆነም። ሃያ ኪሎ ሜትር ሙሉ ፍሬን ይዞ መውረድ ቸርኬውን ያግለዋል። አንደኛው ጓደኛችን ሳያቋርጥ ፍሬን ይዞ ሲወርድ ካላማዳሪው እንደ ጥይት ጮኾ ፈነዳ። ደግነቱ ቀስ እያለ ስለነበር አልወደቀም። ቸርኬውን በጣቴ ብነካው አቃጠለኝ። ከዚያ በኋላ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ እያደረግን፣ በየሁለት ሦስት ኪሎ ሜትሩ ቆመን እያበረድን ወረድን። ከመጀመሪያውም እንዲህ ነበር መውረድ የነበረብን።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ 5 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጠዋት ጃኬት ለብሰን ነበር። እዚያ ታች አየሩ ከምድጃ የሚወጣ ይመስላል። በጃፓን ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ ከአሮጌው ድልድይ ጎን ተዘርግቷል። ቆም ብሎ ለማየት የሚያምር ቦታ ነው። ጥላ ግን የለውም።

ዳገቱን በጉልበት ጀመርኩት። ይሄ ሁለተኛው ስህተቴ ነው። ከጓደኞቼ ቀድሜ፣ በከባድ ማርሽ፣ እየተነሳሁ እየረገጥኩ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወጣሁ። ከዚያ ባቴን ክራምፕ ያዘኝ። እግሬ እንደ እንጨት ደረቀ። ሳይክሉን ጥዬ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። አስፋልቱ መሬቱ እየተንሸራተተ ስለሚያጣምመው እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል። ተሳቢዎች በእግር ከሚሄድ ሰው ብዙም ሳይፈጥኑ በአጠገቤ እየጓሩ ያልፋሉ፤ ጭሳቸው ፊቴ ላይ ይቀራል። ቀና ብዬ የደጀንን ገደል አየሁት። ሰማይ ላይ ነው። አልችልም አልኩ፤ ከልቤ ነው ያልኩት።

ፒካፗ ደረሰች። ሹፌራችን "ጫነው በቃ፣ ማን ያያል?" አለኝ። ለእኔ አዝኖ ነው። እጄ ሳይክሉ ላይ ነበር፤ ልጭነው ነበር። ያቆመኝ ጀግንነት አይደለም። እነዚያ ሰዎች በኪሎ ሜትር ነው ቃል የገቡት፤ ያልሄድኩበትን ኪሎ ሜትር ቆጥሬ ባለ ሱቁን እንዴት 20 ብር እለዋለሁ? ጨው የተጨመረበት በሶ በጥብጠው ሰጡኝና ቀስ ብዬ ጠጣሁ።

ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ ተሳቢ ቆሞ ነበር። ሹፌሩ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፤ ኮፈኑን ከፍተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። "ተበላሸብዎት?" አልኳቸው።

"የለም" አሉ። "ከመፍላቱ በፊት ነው የማቆመው። ከፈላ በኋላ ማቆም ምን ያደርጋል?"

ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና "ላዩን አትየው፣ ልጄ። እኔ ሃያ ዓመት ስመላለስበት ላዩን አይቼው አላውቅም። እስከሚቀጥለው መታጠፊያ ብቻ እይ። ማርሽህን አሳንስ" አሉኝ። ከጀሪካናቸው አናቴ ላይ ውሃ አፈሰሱልኝ። ሙቅ ነበር፤ ቢሆንም ነፍሴ ተመለሰች።

ያሉኝን አንድ በአንድ አደረግኩ። ትንሹ ማርሽ ላይ አስገባሁ። እግሬ ይሽከረከራል፣ ሳይክሉ ግን ብዙም አይሄድም፤ ያም ሆኖ አይቆምም። አንድ መታጠፊያ፣ ከዚያ ሌላ። ደከመኝም አልደከመኝም በየሦስተኛው መታጠፊያ ቆሜ ሦስት ጉንጭ ውሃ እጠጣለሁ፣ አንድ እፍኝ ቆሎ እቆረጥማለሁ። እስኪጠማኝ አልጠብቅም። ክራምፑ ሲመለስ ወርጄ ሳይክሉን እየገፋሁ በእግሬ እሄዳለሁ። በድምሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ገፍቻለሁ። ይህንን በኋላ ቃል ለገቡት ሁሉ ነገርኳቸው። አንድም ሰው አልቀነሰብኝም።

በየቆምኩበት የውሃ ጠርሙሴን ስከፍት ያች ሲኒ ትመጣብኛለች። እኔ የፈለግኩትን ያህል እጠጣለሁ። ያንን ማሰብ አላበረታኝም፤ እንዲያውም ጉሮሮዬ ላይ ተናነቀኝ። ግን ከዚያ በኋላ ስለ እግሬ ማሰብ ተውኩ።

አፋፉ ሲቃረብ ከደጀን በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ከኋላ መጥተው የሳይክሉን መቀመጫ ይዘው ገፉኝ። "አይዞህ! በርታ!" ይላሉ፣ ይሮጣሉ። ገፍታችሁኛል ማለት ኪሎ ሜትሩን ያበላሻል ብዬ ልከለክላቸው ነበር፤ አልቻልኩም። የመጨረሻዋን መቶ ሜትር ከእነሱ ጋር ጨረስኳት። 9 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ዳገቱ ብቻ አራት ሰዓት ወስዶብኛል።

ደጀን ገብተን አንድ ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ተዘረርን። ኔትወርክ ሲመለስልኝ ቲቸር ጋ ደወልኩ። ዕለቱ የእጥበታቸው ቀን ነበር፤ ድምፃቸው ደክሟል።

"ወጣኸው?"

"ወጣሁት ቲቸር። አራት ሰዓት ፈጀብኝ።"

"እኔም አራት ሰዓት" አሉና ሳቁ። ከዚያ "ውሃ በደንብ ጠጣህ?" አሉኝ።

ለመመለስ ከበደኝ። ሰባት ሊትር መጠጣቴን ነገርኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ።

"ቀዝቃዛ ነበር?"

"መንገድ ላይ ሙቅ ነበር" አልኳቸው። "ደጀን ላይ ግን ቀዝቃዛ ነው።"