ግቢዬን በኖራ ድንጋይና በሲሚንቶ ድብልቅ ያነጠፍሁት እንዴት ነው?

ኮምቦልቻ ውስጥ የግቢ ወለል ሲታሰብ አብዛኛው ሰው ከሦስት አንዱን ይመርጣል፤ ጥቁር ድንጋይ ያስጠርባል፣ የሲሚንቶ ንጣፍ ገዝቶ ያስደረድራል፣ አለዚያም ሊሾ ያስመታል። እኔ ከዋናው ቤት እስከ ማድቤቱ ያለውን 60 ካሬ ሜትር ገደማ የሚሆን ክፍት ቦታ ያስነጠፍሁት ግን የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ከአሸዋና ከሲሚንቶ ጋር ተደባልቆ እንደ አርማታ በሚፈስስ ወለል ነው። ለዚህ ምርጫ ያበቃኝ ሙቀቱ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት ግቢ እዚያ ብዙም አያስቸግርም፤ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የጠጣ ጥቁር ወለል ከሰዓት በኋላ በባዶ እግር አያስረግጥም፣ ሙቀቱንም ማታ ድረስ ወደ ቤቱ ሲመልስ ያመሻል። ፈዛዛ ቀለም ያለው ወለል የፀሐይዋን ብርሃን ከጥቁሩ ይበልጥ ስለሚመልስ ይህን ችግር በእጅጉ ያቃልላል። በእኩለ ቀን ዓይን ላይ የሚያንጸባርቅ መሆኑ ግን አይካድም፤ ስለዚህ መቀመጫው አካባቢ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ወይም ዳስ ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያው ሥራ ድንጋዩን ማወቅ ነበር። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉበት አካባቢ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሸፈነ ነው። የኖራ ድንጋይ ንብርብር የሚገኘው ከዚያ ሥር በመሆኑ በግልጽ የሚታየው ወንዞች መሬቱን ጥልቅ አድርገው በቆረጡባቸው እንደ ዓባይና ጀማ ባሉ ሸለቆዎች ነው። በዚህ ምክንያት በአካባቢያችን «ነጭ ድንጋይ» ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ የኖራ ድንጋይ አይደለም፤ አንዳንዱ የረጋና የጠጠረ የእሳተ ገሞራ አመድ ሲሆን፣ ውሃ በብዛት የሚመጥጥና በቀላሉ የሚፈረፈር ነው። ለመለየት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ከጭነቱ ላይ አንድ ድንጋይ አንሥቼ በመዶሻ ከሰበርሁ በኋላ አዲሱን ስባሪ በሚስማር ፋቅሁት፤ በወጣው ዱቄት ላይ ሎሚ ስጨምቅበት ዱቄቱ ጥቃቅን አረፋ እያወጣ ፈላ። የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲድ ሲነካው ጋዝ ይለቅቃል፤ የእሳተ ገሞራው አመድ ግን ሎሚውን ዝም ብሎ ይመጠዋል። ከሰሜን ሸዋ በኩል የመጣውን ጭነት የተቀበልሁት ከየቦታው እያነሣሁ ይህን ከፈተንሁ በኋላ ነው። ቀጥሎም ከደቃቁ ክፍል ጥቂት በውሃ ጠርሙስ ውስጥ በጥብጬ አሳደርሁት፤ ጠዋት ላይ ከላይ የረጋው የጭቃ ንብርብር ስስ በመሆኑ አፈር ያልበዛበት መሆኑን አረጋገጥሁ። አፈር የበዛበትን ጠጠር ሲሚንቶው በደንብ ስለማይዘው ይህን ሳይመለከቱ ሙሉ ቢያጆ ማስገልበጥ አይገባም።

ብዙ ሰው «ኖራ ስለሆነ ራሱ ይያያዛል» ብሎ ሲሚንቶ መቀነስ ይፈልጋል። ይህ ሐሳብ መታረም አለበት። በጎንደር ቤተ መንግሥቶች ግንብ ውስጥ ድንጋዩን ያያያዘው በእሳት የተቃጠለ ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ ወደዚያ የሚለወጠው 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ሙቀት ሲቃጠል ነው፤ ሲሚንቶም የሚሠራው የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር እስከ 1,450 ዲግሪ ገደማ ተግለው ነው። ጥሬው የተፈጨ ድንጋይ ግን ምንም ያህል ቢደቅቅ ጠጠር ሆኖ ይቀራል፤ የሚያያይዘው ሲሚንቶው ብቻ ነው። ስለዚህ መጠኑን ስንወስን ይህን ሥራ ከማንኛውም ጥሩ አርማታ አሳንሰን አላየነውም።

ወለሉ ከሚያርፍበት አፈር ጋር የነበረው ሥራ ከሁሉም የበለጠ ጉልበት ጠይቋል። ግቢዬ መረሬ አፈር ነው፤ ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ላይ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ በቀጥታ የፈሰሰ ወለል ምንም ያህል ሲሚንቶ ቢበዛበት በሚቀጥለው ሐምሌና ነሐሴ ይነሣል፣ በጥርና በየካቲት ይሰምጣል። ስለዚህ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቆፍሬ መረሬውን በሙሉ ከግቢው አስወጣሁ፤ በምትኩ ሴሌክት የሚባለውን፣ ውሃ ሲነካው የማያብጥ የተመረጠ የሙሌት አፈር አስሞልቼ ውሃ እያርከፈከፍን፣ ከ15 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ድርብርብ በተከራየነው ኮምፓክተር አስጠቀጠቅሁት። በላዩ ሃርድኮር፣ ማለት ከአርማታው ሥር የሚደረደር የጥቁር ድንጋይ ንጣፍ፣ ተደርድሮ ክፍተቱ በደቃቅ ጠጠር ተሞላ። ተዳፋቱንም ያወጣነው እዚሁ ላይ ነው፤ በየ1 ሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ከቤቱ መሠረት ወደ ቦዩ እንዲወርድ አድርገን ሃርድኮሩን በገመድና በውሃ ልክ አስተካከልን። ተዳፋትን በላይኛው አርማታ ውፍረት ለማምጣት መሞከር አንዱን ጫፍ ወፍራም፣ ሌላውን ስስ ያደርገዋል፤ ስንጥቅ የሚጀምረውም ከስሱ በኩል ነው።

ለድብልቁ ልኬት የተጠቀምነው ግንበኞች ሁሉ የሚያውቁትን 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ነው። አንድ ሣጥን ከአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር ስለሚተካከል ስሌቱን ያቀልላል። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሁለት ሣጥን አሸዋና ሦስት ሣጥን የኖራ ድንጋይ ጠጠር አደረግን፤ የጠጠሩ ትልቁ ከ20 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በ10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 60 ካሬ ሜትር ማለት 6 ሜትር ኩብ ድብልቅ ስለሆነ 21 ኩንታል ያህል ሲሚንቶ ፈጅቷል።

ክርክር የተነሣው በውሃው ላይ ነው። ዋናው ግንበኛ በሥራው የታወቁና የሸመገሉ ሰው ናቸው፤ ድብልቁ ወፍሮ ሲያዩት «ወንድሜ፣ እንዲህ ከወፈረ ጣውላው አይጎትተውም፤ ትንሽ ውሃ ይጨመርበት» አሉኝ። «ጋሼ፣ ውሃ ከምንጨምር ድንጋዩን አስቀድመን እናጠጣው» አልኋቸው፤ በሐሳቡ ተስማሙ። የኖራ ድንጋይ ከጥቁር ድንጋይ ይልቅ ውሃ የሚመጥጥ በመሆኑ ደረቁን ወደ ሚክሰር ካስገቡት የሲሚንቶውን ውሃ ይወስድና ድብልቁ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል፤ ያን ጊዜ ሠራተኛው ሳይነገረው ባልዲ ያነሣል። ከዋዜማው ጀምሮ ክምሩን አርሰን ጆንያ ስናለብሰው ግን ለአንድ ከረጢት ከ25 ሊትር ያልበለጠ ውሃ በቅቶ ድብልቁም በደንብ ተጎተተ። ከሚገባው በላይ የተጨመረ ውሃ ሲተንን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ የወለሉ ጥንካሬም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በኔ እምነት በዚህ ሥራ ውስጥ ከሲሚንቶው መጠን ይልቅ ጠንከር ያለ ቁጥጥር የሚያስፈልገው ባልዲው ነው።

ስለ ቀለሙም በቂ ማሰብ ያስፈልጋል። በገበያችን የሚገኘው ሲሚንቶ ግራጫ ስለሆነ ወለሉ እንደ ድንጋዩ ቅቤማ አይወጣም፤ ወደ አመድማ ነጭ ያደላል። ነጭ ሲሚንቶ ይህን ያስተካክላል፣ ዋጋው ግን ለእንዲህ ያለ ሰፊ ቦታ የሚደፈር አይደለም። የተለያየ ድብልቅ በትንንሽ ጣውላ ውስጥ አፍስሼ ፀሐይ ላይ አቆየሁ፤ እርጥቡ ቀለም ከደረቀው እጅግ ስለሚጠቁር ሳይደርቅ መወሰን አይቻልም። ባለቤቴ የመረጠችው ግራጫውን ሲሚንቶ ከነጣ አሸዋ ጋር ያጣመረውን ነው፤ ምርጫዋም ትክክል ነበር።

ለማፍሰስ የጠበቅነው ጥቅምትን ነው። ወሎ ውስጥ ክረምቱ ከወጣ በኋላ በልግ እስኪገባ ድረስ ያለው ጊዜ ዝናብ የማያሰጋበት ነው፤ ሥራውንም ፀሐይ ሳትበረታ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀመርን። ወለሉን ከ2 ሜትር ተኩል በማይበልጡ ካሬዎች ከፍለን በጣውላ ካጠርን በኋላ አንዱን እየዘለልን ሞላን፤ የተዘለሉት የተሞሉት የመጀመሪያዎቹ ከጠነከሩ በኋላ ነው። አርማታ ሲደርቅ መኮማተሩ ስለማይቀር መገጣጠሚያውን ቀድሞ ያልሰጡት ወለል ራሱ በመረጠው ቦታ ይሰነጠቃል። ከቤቱ ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ሁሉ የ1 ሴንቲ ሜትር ፎም አስገብተን ለያየነው።

እዚህ ላይ በግቢያችን ኑሮ ምክንያት የጨመርሁት አንድ ነገር አለ። ሠርግም ሆነ ለቅሶ ሲኖር ድንኳን መተከሉ አይቀርም፤ አዲስ ወለል በድጅኖ የሚበሳውም ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ለምሰሶዎቹ የሚሆኑ አጫጭር የብረት ቱቦዎች በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ከሃርድኮሩ ጀምሮ አስቆምሁና አፋቸውን ከወለሉ ጋር እኩል በሆነ ክዳን ዘጋሁ። በመስመሩ ላይ ያደረግኋቸው ስንጥቅ ከቀዳዳ ጠርዝ መነሣት ስለሚወድ ነው፤ የታችኛው አፋቸው ክፍት የሆነውም የገባ ውሃ ወደ ድንጋዩ እንዲወርድ ነው። ጎረቤቶቼ ከወለሉ ሁሉ ይልቅ ይህን ወደውታል።

ገጹን ስናለሰልስ ደረቅ ሲሚንቶ እንዳይበተን አጥብቄ ከልክያለሁ። ሊሾ ሲመታ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ከታች የወጣውን ውሃ በዱቄት መጥጦ በብረት ማሸት ከላይ ስስ ቅርፊት ይፈጥራል፣ ያም ቅርፊት በዓመት ውስጥ እየተላጠ ይነሣል። ይልቁንስ ውሃው እስኪተንን ታግሠን በእንጨት ማለስለሻ አስተካከልነው፤ ከዚያም ለስላሳ መጥረጊያ ከተዳፋቱ አቅጣጫ ጋር በሚያቋርጥ መስመር ሳብንበት። የቀሩት ጥቃቅን ጭረቶች በዝናብ ጊዜ እግርን ይይዛሉ፤ ለአረጋውያን እናቶቻችን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የተጠቀምንበት ሲሚንቶ ፒፒሲ የሚባለው፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዱቄት የተቀላቀለበት ዓይነት ስለነበረ ጥንካሬውን ከተራው ሲሚንቶ ከኦፒሲ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚያገኘው። ኦፒሲን 7 ቀን ማጠጣት በቂ ነው ቢባልም እኛ ሁለት ሳምንት ያህል ጆንያ አልብሰን ሳይደርቅ ጠብቀነዋል። የቧንቧ ውሃ በሚቋረጥባቸው ቀናት ሮቶው አስቀድሞ ተሞልቶ መቆየቱ ሥራውን አዳነው፤ ውሃ ሳያከማቹ በኮምቦልቻ ፀሐይና ነፋስ አርማታ ማፍሰስ ድፍረት ነው። ሰው በላዩ ላይ ከጥቂት ቀን በኋላ ቢሄድም ከባድ ዕቃ ያስቀመጥንበት 28 ቀን ካለፈው በኋላ ነው።

ወለሉ ክረምትን አልፏል፣ አልተነሣም፣ ውሃም አይቋጥርም። የሚጠይቀው እንክብካቤ ግን ከጥቁር ድንጋይ የተለየ ነው። ቅቤና የቡና አተላ ወደ ውስጥ ስለሚሰርግ ወዲያው መታጠብ አለበት፤ ጎዝጉዘነው የተረገጠ ቄጤማም ካደረ አረንጓዴ ጥላ ይተዋል። ድንጋይ የሚቀባ ግልጽ መከላከያ ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ከደረቀ በኋላ ስላስቀባሁት እድፉ በሳሙናና በብሩሽ ይለቅቃል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የወጣው ነጭ ጨው መሰል ብናኝ ከሲሚንቶው የሚወጣ ኖራ ስለሆነ በደረቅ ብሩሽ ጠረግነው። መታጠቢያ ቤት ለማጽዳት የሚሸጠውን አሲድ ግን ማንም እንዳያስጠጋው ለቤተሰቡም ለሠራተኛዋም ነግሬአለሁ፤ ሎሚው በዱቄቱ ላይ ያደረገውን አሲዱ በወለሉ ላይ በብዙ እጥፍ ያደርገዋል።

ከበሩ እስከ መኪና ማቆሚያው ያለውን በዚህ ድብልቅ አላሠራሁም። የኖራ ድንጋይ በሚስማር የሚፋቅ ለስላሳ ድንጋይ ስለሆነ የጎማ ክርክርታና አሸዋ በጊዜ ብዛት ገጹን ይበላዋል፤ እዚያ የጥቁር ድንጋይ ኮብልስቶን አስነጥፌበታለሁ። በዚህ ድብልቅ መኪና ማቆም የሚፈልግ ሰው ውፍረቱን ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ አጣምሮ ማስገባት ይኖርበታል፤ ፌሮውም ከመሬት ተነሥቶ በድንጋይ መደገፊያ ላይ መቀመጥ አለበት።