በትሪየስቴ የአእምሮ ጤና ማዕከል ያሳለፍኳቸው አራት ሳምንታት

ከቬኒስ የተነሣው ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ከተጓዘ በኋላ በነጭ የድንጋይ ገደልና በአድሪያቲክ ባሕር መካከል ገብቶ የጣሊያን ከተማ ወደሆነችው ትሪየስቴ ይደርሳል። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ወደ ባሕሩ ዞረው ሲመለከቱ እኔ ጉልበቴ ላይ ያስቀመጥኩትን ደብተር አነብ ነበር። በደብተሩ ላይ የአእምሮ ሁኔታ ምርመራን ቅደም ተከተል በጣሊያንኛ ገልብጬ ነበር፦ የታካሚው ገጽታ፣ እንቅስቃሴው፣ አነጋገሩ፣ ስሜቱና የስሜቱ መግለጫ፣ የሐሳቡ ፍሰትና ይዘት፣ የሌለ ነገር ማየቱና መስማቱ፣ የማስታወስ ችሎታው፣ ስለ ሕመሙ ያለው ግንዛቤ። የሕክምና ትምህርቴን የመጨረሻ ዓመት ከመጀመሬ በፊት በውጭ አገር በሳይካትሪ (በአእምሮ ሕክምና) ለአራት ሳምንት እንድለማመድ ተፈቅዶልኝ ስለነበር፣ አራት ወር ሙሉ ያጠናሁት ጣሊያንኛ ይበቃኛል ብዬ በሙሉ ልቤ አምኜ ነበር የመጣሁት።

ትሪየስቴን የመረጥኩት በታሪኳ ምክንያት ነው። በኮረብታው ላይ ያለው የሳን ጆቫኒ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1908 ሲሆን፣ የአእምሮ ሐኪሙ ፍራንኮ ባዛሊያ በ1971 ዳይሬክተር ሆኖ ሲመጣ 1,200 ያህል ሰዎች በውስጡ ይኖሩ ነበር። ያን ጊዜ በጣሊያን ይሠራበት የነበረው የ1904 ሕግ ለራሱ ወይም ለሌላው አደገኛ ነው የተባለን ሰው ብቻ ሳይሆን በአደባባይ ነውር ይፈጽማል የተባለውንም ጭምር ተዘግቶበት እንዲቀመጥ ይፈቅድ ነበር። በ1973 ታካሚዎች፣ ሠራተኞችና የሥነ ጥበብ ሰዎች ከእንጨትና ከወረቀት አንድ ትልቅ ሰማያዊ ፈረስ ሠሩ፤ ፈረሱ ከበሩ ሰፍቶ አልወጣ ስላለ በሩን ሰብረው ወደ ከተማው ይዘውት ወረዱ። እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 1978 የወጣው 180ኛው ሕግ በመላ አገሪቱ አዲስ ታካሚ ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎች እንዳይገባ ከለከለ፤ ሳን ጆቫኒም በ1980 ተዘጋ። ዛሬ ግቢው የጽጌረዳ አትክልት ያለበት መናፈሻ ሲሆን፣ ከሕንፃዎቹ በአንዱ ግድግዳ ላይ «ነጻነት ፈዋሽ ነው» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። በዚያ ጽሑፍ ሥር ለረጅም ጊዜ ቆሜ ነበር። በትምህርት ቤት ስለ መድኃኒት መጠንና ስለ ጎንዮሽ ጉዳት ብዙ ተምሬ፣ ስለ በር ግን አንድ ቀን እንኳ እንዳልተማርኩ ያሰብኩት እዚያ ነው።

በመጀመሪያው ጠዋት ጋወኔን ለብሼ ወደተመደብኩበት ማዕከል ስገባ፣ ጋወን የለበሰው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። የምትቆጣጠረኝ ሐኪም ከነርሶቹ፣ ነርሶቹም ከታካሚዎቹ በልብስ አይለዩም። ማዕከሉ ቀንና ሌሊት፣ ሰባቱንም ቀን ክፍት ነው፤ አልጋዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ በሩ አይቆለፍም፤ ታካሚም አይታሰርም። ጋወኔን አውልቄ በቦርሳዬ ከተትኩ፤ እስከ መጨረሻው ቀንም አላወጣሁትም።

በሁለተኛው ሳምንት ከአንዲት ነርስ ጋር ቤት ለቤት ጉብኝት እወጣ ጀመር። ከምንጎበኛቸው አንዱ ወርኃዊ የመድኃኒት መርፌያቸው ያለፈባቸውና በራቸውን ዘግተው የተቀመጡ አዛውንት ነበሩ። ነርሷ በሩን ሁለት ጊዜ አንኳኩታ መልስ ስታጣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ እኔንም እንድቀመጥ በእጇ አመለከተችኝ። ከዚያም በበሩ በኩል ስለ ነፋሱ፣ ስለ ጎረቤታቸው ድመትና ስለ ጤናቸው ረጋ ብላ ማውራት ያዘች። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተን ተመለስን። በማግሥቱም እንዲሁ አደረግን። በሦስተኛው ቀን አዛውንቱ በሩን ገርበብ አድርገው መርፌውን እንደማይፈልጉ፣ ነገር ግን ከሐኪሟ ጋር ለመነጋገር ወደ ማዕከሉ እንደሚመጡ ነገሩን፤ እንዳሉትም መጡ። ወዲያው በግዳጅ ማምጣት ሳይቻል ቀርቶ አይደለም። ሕጉ ይፈቅዳል፤ ግን አንድ ሐኪም ምክንያቱን ጽፎ ሲያቀርብና ሌላ ሐኪም ሲያጸድቀው ትእዛዙን የሚሰጠው የከተማው ከንቲባ ነው፤ ትእዛዙም በ48 ሰዓት ውስጥ ለዳኛ ይደርሳል፤ የሚጸናውም ለሰባት ቀን ሲሆን የሚታደሰው ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው። ነርሷን ይህ ሁሉ አካሄድ ሥራችሁን አያከብድባችሁም ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ «እንዲከብድ ተብሎ ነው የተሠራው» አለችኝ።

ከሁሉ በላይ በውስጤ የቀረው ግን በሦስተኛው ሳምንት የሠራሁት ስሕተት ነው። ከከተማው በላይ ካለው የካርሶ አምባ ከሚገኝ መንደር የመጡ አንዲት በስድሳዎቹ ዕድሜ ያሉ እናት ነበሩ። በፈቃዳቸውና ሐኪሟ ባለችበት ታሪካቸውን በጣሊያንኛ ወሰድኩ። ለጥያቄዬ ሁሉ በአንድ ወይም በሁለት ቃል ይመልሱ ነበር፤ ፊታቸው አይንቀሳቀስም፤ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አይልም። የፊታቸው መድረቅ ከመድኃኒት የመጣ የጡንቻ ግትርነት እንዳይሆን ብዬ የእጃቸውን አንጓ አጣጥፌና ዘርግቼ መረመርኩ፤ ሲራመዱም እጃቸውን ማወዛወዛቸውን አየሁ፤ ምንም አልነበረም። ስለዚህ «የስሜት መግለጫቸው የደነዘዘ፣ ንግግራቸው የደኸየ» ብዬ በእርግጠኝነት ጻፍኩ። ሁለቱም ስኪዞፍሬኒያ የተባለውን ከባድ የአእምሮ ሕመም ለመለየት የምንጠቀምባቸው ምልክቶች ስለሆኑ በምርመራዬ ረክቼ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስሎቬንኛ የሚናገር አንድ ነርስ ሥራ ገባ። የካርሶ መንደሮች ነዋሪዎች ከጥንት ጀምሮ የሚናገሩት ስሎቬንኛ ነው። ነርሱ ሰላም ሲላቸው ያቺው እናት ቀና ብለው ሳቁ፤ እጃቸውን እያወራጩ ስለ ልጃቸው ይሁን ስለ ወይናቸው አላውቅም፣ ሳያቋርጡ ያወሩ ጀመር። ነርሱን የልጅነት ዘፈን መሰለኝ አንድ ስንኝ ሲያስታውሱት እንባቸው መጣ። ሐኪሟ ከጎኔ ሆና የጻፍኩትን ወረቀት በዝምታ ታነብ ነበር። እኔም ራሴ በጣሊያንኛ ስናገር በአንድና በሁለት ቃል የምመልስ፣ ቀልድ የማይገባኝ፣ ፊቴ የደረቀ ሰው እንደሆንኩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሁለታችንም የእኛ ባልሆነ ቋንቋ ፊት ለፊት ተቀምጠን ነበር፤ ከሁለታችን አንዳችን ብቻ ግን ታማሚ ተብለን ተጻፍን።

በዚያ ምሽት እስከ ሌሊት አልተኛሁም። በውጭ አገር የሚለማመድ ተማሪ ልብ ሲያደምጥ ቋንቋ ባያውቅም የቫልቩን ድምፅ ይሰማል፤ በሳይካትሪ ግን መስሚያውም የሚሰማውም ቋንቋ ነው። ስለዚህ ወደዚህ ዓይነት ልምምድ የሚሄድ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሄድበትን ቋንቋ እንዲማር፣ ተምሮም ቢሆን በራሱ ፍርድ ብቻ እንዳይጽፍ አጥብቄ እለምናለሁ።

ያየሁትን ሁሉ እንዳለ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ይቻላል አልልም። በጣሊያን ውስጥም ቢሆን ሕጉ በየክልሉ እኩል አልተፈጸመም፤ አገልግሎቱ በዘገየባቸው አካባቢዎች ሸክሙን የተሸከሙት ቤተሰቦች ነበሩ፤ ይህን የነገሩኝም የማዕከሉ ሠራተኞች ራሳቸው ናቸው። በሩን መክፈት የሚቻለው ከበሩ ውጭ የሚቀበል ሰው፣ መኖሪያና ሥራ ሲኖር ነው፤ ትሪየስቴ ከ1972 ጀምሮ የታካሚዎችን የሥራ ኅብረት ሥራ ማኅበር ያቋቋመችውም ለዚህ ነው።

በማግሥቱ ሐኪሟ መዝገቡን አምጥታ ስሕተቴን እንዳርም አዘዘችኝ። እንዳልሰርዘው፣ በላዩ ላይ አንድ መስመር አስምሬ ቀኑንና ፊርማዬን እንዳኖርበት አሳየችኝ። ከሥሩ በአዲስ መስመር «ቃለ መጠይቁ የተካሄደው የታካሚዋ አፍ መፍቻ ባልሆነ ቋንቋ ነው፤ በስሎቬንኛ ሲነጋገሩ ስሜታቸው ሰፊና ተስማሚ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያም ከነርሱ ጋር ሆነን ወደ እናቲቱ ሄድንና ትናንት ያልጠየቅኋቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ በእርሱ አንደበት እንደገና ጠየቅኋቸው።