እርግብ በርን ምቱ!

ማታ ማታ «ማኅበር አለብኝ» ስላት እናቴ ለረጅም ጊዜ የጽዋ ማኅበር ይመስላት ነበር። «ዛሬ ደግሞ የማን ነው? ሚካኤል ትናንት አልፎ የለም እንዴ?» ትለኛለች። አንድ ምሽት በሩን ከፍታ ስትገባ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ «ወንጭፉን አዙሩት! ሙክቱን ለማን ነው ጥላችሁት የሄዳችሁ?» እያልኩ ስጮኽ ደረሰች። አማተበችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ማኅበራችን ግንብ የሚያፈርስ ማኅበር ነው። በኢንተርኔት ተገናኝተን በኮምፒውተር የምንጫወተው ጨዋታ ኤልደር ስክሮልስ ኦንላይን ይባላል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 የወጣ ነው። ውስጡ ሲሮዲል የሚባል ሰፊ አገር አለ። ሦስት ወገኖች፣ ቢጫ፣ ቀይና ሰማያዊ፣ በዚያ አገር ላይ ያሉትን ምሽጎች ሌት ተቀን ይነጣጠቃሉ። እኛ ሰማያዊ ነን። በስም 23 ነን፤ በአንድ ቡድን የሚፈቀደው ግን 12 ሰው ነው፣ እሱም የሚሞላው በስንት ልመና ነው። አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋና ጀርመን ተበትነን እንኖራለን፤ ከጎንደር ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ቀን ቀን ፒያሳ አካባቢ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ አትማለሁ፣ እጠርዛለሁ። የማኅበሩን መሪ «ሙሴ» እንለዋለን፤ ጀርመን አገር የጭነት መኪና የሚነዳ፣ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጥ፣ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው የማላውቅ ሰው ነው።

ስለ መሣሪያዎቹ ትንሽ ልናገር። ድንጋይ የሚወረውረውን ትሬቡሼ «ወንጭፍ» አልነው። ከሩቅ ይመታል፤ ድንጋይ ሲጭን ግን ያንቀራፍፋል። ባሊስታ እንደ ትልቅ ቀስት ቀጥ ብሎ ይተኩሳል። በር የሚደበድበውን ግንድ የሐዋሳዋ እኅታችን «ሙክት» ብላ ሰየመችው፤ እንግሊዝኛው ስሙ አውራ በግ ማለት ስለሆነ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ስም አልወጣለትም። ሙክቱን ብዙ ሰው በያዘው ቁጥር ምቱ ይፈጥናል። በላዩ ላይ ደግሞ ተከላካዮቹ ከግንቡ አናት የፈላ ዘይት ያወርዱብናል።

የመጀመሪያ ከበባችን ቻልማን በሚባለው የቀዮች ምሽግ ላይ ነበር። ሁሉም ደስ ያለውን መሣሪያ ይዞ መጣ። አራት ሰው የእሳት ባሊስታ አመጣ፤ እሳቱ ሲበር እውነትም ያምራል፤ ግንቡን ግን እምብዛም አልጎዳውም። ግንብ የሚበላው ድንጋይ ወርዋሪው ወንጭፍ ነው፣ እሱም የነበረን ስድስት ብቻ። ስድስቱ ተተክለው ሳያልቁ የድሬዳዋው ወንድማችን ድንጋዩን ለቀቀ። የመጀመሪያዋ ድንጋይ ግንቡን እንደነካች ምሽጉ መጠቃቱ በካርታ ላይ ለቀዮች ሁሉ ይታያል። እኛ ገና መሣሪያ ስንተክል እነሱ ፈረስ እየጋለቡ ነበር።

ይባስ ብሎ ግንቡ በክፍል በክፍል የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ጉልበት አለው፤ አንዱን ስትመቱት ጎረቤቱ አይጎዳም። ሙሴ «በስተግራ ያለውን ምቱ» አለ። የማን ግራ? እኔ ከኮረብታው በኩል ነበርኩ፣ ሐዋሳ ከመንገዱ በኩል። ሦስታችን አንዱን ክፍል መታን፣ ሦስቱ ሌላውን። ቀዮቹ ሲደርሱ ሁለት ቦታ የቆሰለ፣ አንድም ቦታ ያልፈረሰ ግንብ ሥር ተሰልፈን አገኙን። ከዚያ የሆነውን አልተርክም። ሞተን ተነሥተን፣ ከራሳችን ምሽግ ከአሌስዌል እንደገና በፈረስ ያን ሁሉ መንገድ ስንጓዝ በማዳመጫው ውስጥ ማንም አልተነፈሰም።

በዚያው ሳምንት አንድ ተማሪ ስለ ፋሲል ግቢ ቅጥር የጻፈውን ጽሑፍ ሊያስጠርዝ አመጣ። ገጾቹን ስደረድር የቅጥሩ ንድፍ እጄ ላይ ቀረ። 900 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አጥር፣ 12 በሮች፣ እያንዳንዱ በስሙ። በዚያ ቅጥር ሥር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ከስሞቹ ግማሹን አላውቃቸውም ነበር። አፈርኩ። ወዲያው ደግሞ ገባኝ፦ የጎንደር ሰው ለምን ግራና ቀኝ ይላል? በሩን በስሙ ይጠራዋል እንጂ።

ማታ ለማኅበሩ አቀረብኩ። የየትኛውም ምሽግ ትልቁ በር ያለበት ገጽ ፊት በር ይሁን። ከፊት በር ተነሥተን ምሽጉን ስንዞር እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ ከጀርባ እርግብ በር፣ ከዚያ አደናግር በር። እምቢልታ የነፊዎቹ፣ ባልደራስ የፈረስ ሹሙ፣ አደናግር የፈታዮቹ በር ነው ብዬ አስረዳሁ፤ እናቴ ጥጥ ስትፈትል ያደገች ስለሆነች ለአደናግር በር አደላለሁ። ቅደም ተከተሉ ከእውነተኛው ቅጥር ጋር አይገጥምም። ስሞቹን የመረጥኩት ለጆሮ ነው። ራስ በርን መጀመሪያ አስገብቼው ነበር፤ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ግን ከ«ባልደራስ» የሚደርሰን «...ራስ በር» ብቻ ሆነ፣ ግማሹ ሰው ወደ ሌላ ግንብ ሄደ። ራስ በር ተሰረዘ።

ከዚያ ልምምድ ገባን። አራት ሐሙስ ማታ፣ ጠላት በማይበዛበት ሰዓት፣ ከጦርነቱ ራቅ ያለ ምሽግ እየመረጥን። አንድ ሰው ሁለት ወንጭፍ ተክሎ አንዱ ድንጋይ እስኪጭን በሌላው መተኮስን ለመድን። ሁለት ሰው መሣሪያ ጥገና ላይ ብቻ ቆመ፣ አንድ ሰው ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ መንገድ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ በሁለት ሐሙስ ተለመደ። አልለመድ ያለን መጠበቅ ነበር። ወንጭፍህን ተክለህ፣ አነጣጥረህ፣ ግንቡ ፊትህ ተገትሮ፣ ሌላው ሰው መሣሪያውን እስኪያቆም ጣትህን ሰብስበህ መቀመጥ። የድሬዳዋው ወንድማችን ሦስት ጊዜ ቀድሞ ለቀቀ፤ በአራተኛው ሙሴ በትሕትና «አንተ ወንድሜ፣ ለጊዜው ጥገናውን ብትይዝልን» አለው። ተቀየመ። ሁለት ቀን አልመጣም። ሲመለስ ግን እንደሱ ያለ ጠጋኝ አላየሁም፤ ወንጭፌ እሳት ሲያገኘው ከእኔ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።

ሙክቱን ሦስት ሰው ብቻ ይዞት ሲንፏቀቅ፣ አንዱ የአዲስ አበባ ልጅ «የቴዎድሮስ ሰዎች ሴባስቶፖልን እንዴት አድርሰውት ነው!» አለና ሳቅን። እኔ ግን ሳቁ ቶሎ አልፎብኝ ማሰብ ጀመርኩ። ያ መድፍ ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ተሠርቶ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ መንገዱ ከፊቱ እየተጠረገለት መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ሲመጡም አልጠቀመም፤ እስከ ዛሬ ግን እዚያው አለ። ያንን መድፍ በገመድ የሳቡት ሰዎች ተራ አጠባበቅን ከእኛ ይልቅ ያውቁ ነበር።

የወጪው ነገርም አጣላን። መሣሪያ የሚገዛው እያንዳንዱ ተጫዋች በውጊያ ባገኘው ነጥብ ወይም ወርቅ ነው፤ ብዙ የሚጫወተው ለሁሉም ሲገዛ ሌላው ባዶ እጁን ይመጣል። ለእናቴ ነገሩን የእርሻ አስመስዬ ነገርኳት። «ደቦ ከሆነ የጠራው ያብላ» አለች፤ «ወንፈል ከሆነ ግን ዛሬ የሠራህልኝን ነገ እሠራልሃለሁ ነው። የእናንተ የትኛው ነው?» ወንፈል ነው ብለን ወሰንን፤ ዛሬ የሐዋሳዋ ካቀረበች በሚቀጥለው እኔ ነኝ፤ ሙሴ በደብተር ይጽፋል።

ቻልማን በአምስተኛው ሐሙስ ተመለስንበት። አሥር ወንጭፍ ተተክሎ አንድ ድንጋይ አልተለቀቀም። ሙሴ «ሁሉም ዝግጁ?» አለ፤ አንድ በአንድ መለስን። «እርግብ በርን ምቱ!» አሥሩ ድንጋይ አንድ ላይ ተነሣ። ሁለተኛውን ለቅቄ ሦስተኛውን ስጭን ቤታችን ጨለመ። መብራት ሄደ።

በስልኬ ቴሌግራም ከፍቼ ድምፃቸውን እያሳደድኩ፣ እናቴ ሻማ ይዛ ከበሩ ላይ ቆማ፣ በጩኸት መካከል አንድ ትልቅ «እሰይ!» ሰማሁ።

«ፈረሰ?» አለች እናቴ።

«ፈረሰ» አልኳት። ያን ቀን የግንቡን መውደቅ ሳላይ ቀረሁ።

ለጥምቀት የድሬዳዋው ወንድማችን ጎንደር መጣ። ከአውቶቡስ እንደወረደ «እርግብ በር የት ነው?» አለኝ፤ ምሳ እንኳ አልጠየቀም። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ አብራን ወጣች፤ ቅጥሩን ይዘን መዞር ጀመርን። ገና አንዷ በር ፊት ስንደርስ ቆመ፤ ቀና ብሎ አየ፣ ክንዱን ዘርግቶ ስፋቷን ለካ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ይህቺማ ጠባብ ናት፤ ሙክቱ አይገባባትም።»

እናቴ ዞር አለች። «የምን ሙክት? ለበዓሉ ገዝታችኋል እንዴ?»