ከድንጋዩ ሥር

ዛሬ ምክንያቱን የማላውቀው ድብርት ይዞኝ ዋለ። የቱሉ ዲምቱ ነፋስና አቧራም አላገዘኝም። ጋሼ የሽንት ቤት ጉድጓድ እያስቆፈሩ ነው፤ ልጆቹ ጥቁር ድንጋይ ላይ ደርሰናል፣ ይጨመርልን ይላሉ፤ ጋሼ በተነጋገርነው ይላሉ። በረንዳ ላይ ሆኜ ስሰማ፣ ድንጋዩስ ቢያልቅ ከሥሩ ምን አለ? አልኩ። ሌላ ድንጋይ። ከሱስ ሥር?

በቃ፣ ቀኑ እዚያ ላይ አለቀ።

ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወረድ የመሬት ቅርፊት ያበቃና ማንትል የሚባለው ከሥሩ ያለው ወፍራም የድንጋይ ንብርብር ይጀምራል። ወሰኑ ሞሆ ይባላል። ማንም ቆፍሮ አልደረሰበትም። አሜሪካኖች ቅርፊቱ ከሚሳሳበት ከባሕር በኩል እንሞክር ብለው በ1961 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ አጠገብ ከባሕሩ ወለል በታች 183 ሜትር ወርደው ነበር፤ በ1966 ምክር ቤታቸው በጀቱን ከለከለ። (እዚያም ይጨመርልን፣ አይጨመርም።) ሶቪየቶች ኮላ በሚባል የሰሜን ሩሲያ ቦታ ላይ 12,262 ሜትር ደረሱ፤ ያም ቢሆን ሲሶ መንገድ ነው።

ታዲያ መኖሩ በምን ታወቀ? እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። ሞሆሮቪቺች የሚባል የዛግሬብ ሰው በ1909 እ.ኤ.አ. የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገብ ከየጣቢያው ሰብስቦ ሲያይ፣ ከአንዱ መንቀጥቀጥ ሁለት ዙር ሞገድ ገብቷል። ራቅ ባሉት ጣቢያዎች ደግሞ ቀድሞ የገባው ረጅሙን መንገድ የሄደው ነው! ቁልቁል ወርዶ፣ ከወሰኑ በታች በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ፣ ተመልሶ ወጣ። በቅርፊቱ ውስጥ ብቻ የመጣው ከ6 ብዙም አይዘልም። ከቃሊቲ ዊንጌት በቀለበት መንገድ ዞሮ፣ በመርካቶ የገባውን የሚቀድም ሚኒባስ በሉት።

በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ በኩል አልጋችንን ያወዛወዘውስ? ርቀቱ አጭር ስለሆነ በላይኛው መንገድ የመጣው ሳይቀድም አልቀረም። ሌሊት በፒጃማ ደጅ ወጥተን ቆመን ይሄን ለማን ልንገር?

ደግሞ እኛ ያልደረስንበት እሱ ራሱ መጥቷል። የቢሾፍቱን ሐይቆች ጉድጓድ የከፈተው እሳተ ገሞራ ከታች የማንትል ቁራጭ ይዞ ወጥቷል፤ በጥቁር ድንጋይ የታቀፈ ኦሊቪን የሚባል አረንጓዴ ማዕድን። ባቦጋያ ስንመላለስ ፎቶ ተነስተን መጣን እንጂ ማን መሬት አየ?

አሁን ቤተሰቦቼን ቢሾፍቱ እንሂድ ብላቸው ደስ ይላቸዋል። ጉዱ የሚመጣው መዶሻ ይዤ ሲያዩኝ ነው። ባለቤቴማ «አምና ቁልቋል፣ ዘንድሮ ድንጋይ» ማለቷ አይቀርም።

መዶሻ ደግሞ የለኝም።