ከሶር እስከ ማላካል

ዛሬም በረራ የለም። ፈቃዱ ከሚመጣበት አልመጣም፣ ሌላ ማብራሪያ የለም። ሻንጣዬን ዘግቼ እከፍታለሁ፣ ከፍቼ እዘጋለሁ።

ያለሁት ደቡብ ሱዳን፣ ማላካል ነው። ወሩ ጥቅምት ነው። ዝናቡ ሊያበቃ ነው ይባላል፣ ዋልካው ግን ይህን አልሰማም። ቡትሱ ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ የተለጠፈው ላይ ሌላ ይለጠፍበታል። ኮንቴይነሬ በር ላይ ጭቃ መፋቂያ ብረት ነበረ። እሱም ጭቃው ውስጥ ተቀብሯል።

ግን ጭቃው አይደለም የሚያናድደኝ። የተባበሩት መንግሥታት አማካሪ መባሌ ነው። ትናንት ከኬላው አዛዥ ጋር ቀጠሮ ነበረን። ዛፍ ስር የፕላስቲክ ወንበር ተሰጠን፣ ስኳር የበዛበት ሻይ መጣ። ሰው ኬላው ላይ ሳይጉላላ እንዲያልፍ መከርኩ። መሣሪያ አንይዝም፣ ያለን ሰማያዊ ኮፍያ፣ ሬዲዮና ምላስ ነው። ሰውዬው በጥሞና አዳመጠኝና «ቡክራ» አለ። ነገ ማለቱ ነው። ልናደድ ስል «እሺ ነገ» ያሳደገኝ ሰው መሆኔ ትዝ አለኝ። ማታ ሪፖርቱ ላይ የተለመደችውን አሰፈርኩ፦ «ሁኔታው የተረጋጋ ነው፣ ሆኖም ሊለወጥ ይችላል።» እማዬም ደውላ እንዴት ነህ ስትለኝ ይችኑ ልመልስላት ምንም አልቀረኝ።

ከቀጠሮው ስንመለስ ወንዙ ዳር ቆመን ነበር። እንቦጭ ክምር ክምር እየሆነ ይወርዳል። አንዱ ክምር ላይ አንዲት ነጭ ወፍ ቆማ አብራ ትሄዳለች። ኔፓሉ ጓደኛዬ፣ «ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?» አለኝ። ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ተነስቶ ሱድ ረግረግ ሲገባ ግማሹን ያህል ፀሐይ ትወስድበታለች። ከዚያ ከማላካል ትንሽ ከፍ ብሎ ሶባት ይቀላቀልና ያጣውን ይተካለታል። ሶባት ደግሞ ማን ነው? የእኛው ባሮ ነው፣ ከፒቦር ጋር ሆኖ። ባሮ ደግሞ ብርብርና ገባ የሚባሉ ወንዞች ተገናኝተው ነው። ገባ ውስጥ የሚገባው ደግሞ ሶር ነው። ሶር! መቱ አጠገብ፣ ዋና የተማርኩበት፣ በእሱ ሰበብ የተገረፍኩበት ሶር።

ለጓደኛዬ ይህን ሳስረዳ በደስታ ነበር። ማታ ግን አናደደኝ። ውሃው ማንንም ሳያስፈቅድ እዚህ ይመጣል። እኔ ከዚህ ለመውጣት ስንት ፊርማ! በቀጥታ ቢለካ ከዚህ መቱ 500 ኪሎ ሜትር አይሞላም። የእኔ መንገድ ግን ጁባ፣ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ በደሌ ነው። ካርታ ዘርግቼ ውሃው ስንት ቀን እንደሚፈጅበት ማስላት ጀመርኩ። አልሆነልኝም። ባሮ ክረምት ላይ ሲሞላ ከዳሩ ወጥቶ ማቻር ረግረግ ይገባል። ከዚያ ውስጥ ብዙው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ትናንት ካየሁት ውስጥ የሶር የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? ለዚህ ነው እንግዲህ ደሞዝ የሚከፈለኝ።

ለእማዬ ደውዬ ነገርኳት። «ከዚያ የሚነሳው ውሃ እኛ ጋ ይደርሳል እኮ» አልኳት።

«ውሃው ከደረሰ አንተን ምን ይዞህ ነው?»

መልስ አጣሁ። ኔትወርኩ ተቆራረጠ ብዬ አመለጥኳት።

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ቅጽ አለ። ቆይታውን ማራዘም የሚፈልግ እስከ ዓርብ ሞልቶ ያስገባ ይላል። ይህን ሁሉ ሳማርር የዋልኩት ሰውዬ ስሜንና ማዕረጌን ሞልቼዋለሁ። ለሰው ሁሉ የምነግረው አበሉን ነው፣ የቤቱ ጣሪያ ገና አልተመታም። ታዲያ «ምክንያት» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ጣሪያ ብዬ መጻፍ ምን ከበደኝ?