ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ቤት የሚገኘው ማነው?

ነዋሪዎችን ስለ ትራንስፖርት በጠየቅንበት ጥናት፣ ከቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የመጣው መረጃ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ነበረው። ከመላሾቹ አብዛኞቹ ትራንስፖርት «ያን ያህል ችግር አይደለም» ብለዋል። አራብሳን የሚያውቅ ሰው ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል መገመት አያቅትም። ሰፈሩ የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ ነው። ቀላል ባቡሩ አያት ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው ተስፋው ታክሲና አውቶቡስ ነው። ሰልፉም ገና ጎህ ሳይቀድ ይጀምራል።

የምሠራው በአንድ የጥናት ድርጅት ውስጥ ነው። መረጃ ሰብሳቢዎች በታብሌት ሞልተው የሚልኩትን ቅጽ አጣራለሁ። ታብሌቱ መልሱን ብቻ አይልክም። ቅጹ ስንት ሰዓት እንደተከፈተና እንደተዘጋ፣ የት እንደተሞላም ይመዘግባል። ብዙ ሰው ይህን ክፍል ገልጦ አያየውም። እኔ ግን አንድ ውጤት ሲከነክነኝ መጀመሪያ የማየው ሰዓቱን ነው።

ቃለ መጠይቆቹ በሙሉ የተደረጉት ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ቤት የሚገኘው ማነው? ጡረተኛ፣ አራስ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ሥራ ያላገኘ ወጣት። በየቀኑ መገናኛ፣ መርካቶ፣ ፒያሳ የሚሄደው ሰውማ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ወጥቷል። ስለ ታክሲ ሰልፍ የተጠየቀው ሰልፍ የማይቆመው ሰው ነው።

መመሪያው ለዚህ መላ አለው። በሩ ዝግ ከሆነ በተለያየ ሰዓት ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ ሰው ካልተገኘ ብቻ በሌላ ቤት ተኩ ይላል። ታብሌቱ ላይ ግን በአንደኛውና በሦስተኛው ሙከራ መካከል ያለው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነበር። አንኳኩ፣ ደረጃውን ወርደው ወጡ፣ ደግመው አንኳኩ። ከዚያ «ሦስት ጊዜ ተሞክሮ አልተገኘም» ተብሎ ተሞላና ወደ ጎረቤት ታለፈ።

ልጆቹን አልወቅስም። የሚከፈላቸው በሞሉት ቅጽ ቁጥር ነው። ማታ 2 ሰዓት ተመልሶ ያንኑ በር የሚያንኳኳ ልጅ ገቢው ይቀንሳል፣ ታክሲውን ከኪሱ ይከፍላል፣ በጨለማ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሴት ስትሆን ደግሞ ስጋቱ ሌላ ነው። አከፋፈላችን ራሱ ክፍት በር ፈልጉ ይላቸዋል።

አስተባባሪያችን ሲሟገተኝ «ናሙናው እኮ ብዙ ነው» አለ። እኔም የሊተራሪ ዳይጀስትን ታሪክ አነሳሁለት። ይህ የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1936 ለ10 ሚሊዮን ያህል ሰው የድምፅ መጠየቂያ ካርድ በፖስታ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ። የዚያን ዓመት የፕሬዚዳንት ምርጫ አልፍ ላንደን ያሸንፋል ብሎ አወጀ። ተፎካካሪው ፍራንክሊን ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። አድራሻዎቹ በብዛት የተገኙት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ነበር። በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስልክና መኪና ያለው ሰው ደህና ኑሮ ያለው ነው። ካርዱን ሞልተው ለመመለስ የተነሱትም ካልመለሱት የተለየ ፍላጎት ነበራቸው። ሚሊዮን መልስ ቢሰበሰብም የተዘለለውን ሰው አይተካም።

ነገሩ በቢሮ ክርክር ቢቀር ይህን ያህል ባልተብሰለሰልኩ። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ግን «የዳርቻ ነዋሪዎች በትራንስፖርት አይማረሩም» የሚል መግለጫ አርቅቆ ጨርሷል። መግለጫው ቢወጣ ሬዲዮ ያነበዋል፤ ጋዜጣ ይቀበለዋል። አውቶቡስ የሚመድበው ኃላፊም ይሰማዋል። ማንም ጋዜጠኛ ነዋሪዎቹ በስንት ሰዓት እንደተጠየቁ ላይጠይቅ ይችላል። ልጇን ለጎረቤት ትታ በሌሊት ሰልፍ የምትይዘው እናት በስሟ ተነግሮላት ታድራለች። ይህ በሰው ላይ የሚሠራ ግፍ ነው ብዬ አምናለሁ።

መግለጫው ለጥቂት ቀን እንዲቆይ ለምኜ ወደ አራብሳ ወጣሁ። አንድ ግቢ በር ላይ አንድ አዛውንት ጥበቃ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ እዚህ ብሎክ ሰው የለም እንዴ? አብዛኛው በር ዝግ ነው ተብሎ ተመዝግቧል።»

«ሰውማ ሞልቷል ልጄ። እናንተ ሰው ሲወጣ ትመጣላችሁ፣ ሰው ሲገባ ትሄዳላችሁ።»

«እርስዎንስ ጠየቁዎት?»

«የቤት ቁጥር የለህም ብለው አለፉኝ።»

የሚያድሩት በሩ አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ቤት ነው። የናሙና ዝርዝሩ የተሠራው ከቤት ቁጥር ስለሆነ እሳቸው ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። በየግቢው እንደሳቸው ያለ ሰው አለ።

እዚያው ብሎክ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዷን መረጃ ሰብሳቢ ሥራ ላይ አገኘኋት። የቤቱ እመቤት «እኔ ሊጥ ይዣለሁ፣ እሷን ጠይቂያት» ብለው የቤት ሠራተኛቸውን ጠሩ። ልጅቷ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። መልስ ከመስጠቷ በፊት ዞር እያለች የእመቤቷን ፊት ታያለች። መረጃ ሰብሳቢዋ ዕድሜዋን ስትጠይቃት «አሥራ አምስት» አለች። ታብሌቱ ወዲያው ተከደነ።

«እትዬ፣ እሷን መጠየቅ አልችልም። ልጅ ናት።»

«እኔ ፈቅጃለሁ እኮ! የታክሲ ነገር ምን ምስጢር አለው?»

«ያውቃሉ እትዬ፣ እርስዎ ፊት ቆማ እምቢ ማለት አትችልም።»

ደረጃውን ስንወርድ «የዛሬው ቅጽ ይቅርብኝ» አለችኝ። በጣም አከበርኳት። በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ቱስኬጊ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ቂጥኝ የያዛቸው ድሃ ጥቁር ወንዶች ምን እየተደረገባቸው እንደሆነ በትክክል ሳይነገራቸው ተጠንተዋል። ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚፈውስ ከታወቀ በኋላም መድኃኒቱ ተከልክለዋል። ነገሩ ሲጋለጥ ከተነሳው ቁጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው፣ በሰው ላይ ስለሚደረግ ጥናት ሥነ ምግባር የሚደነግገው የቤልሞንት ሪፖርት በሌላ ሰው ሥር ያለ፣ በነፃነት መወሰን የማይችል ሰው የተለየ ጥበቃ ያሻዋል አለ። የእኛ መጠይቅ ማንንም አይገድልም። ቢሆንም እንጀራዋ በእመቤቷ እጅ ያለ ልጅ ከጀርባዋ እየታየች የሰጠችው መልስ ፈቃድም አይባል፣ መረጃም አይሆን።

ቢሮ ተመልሼ የሰዓቱን ዝርዝር በአንድ ገጽ አሳተምኩና አስተባባሪው ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ። ብዙ አልተናገርኩም። ማስረከቢያው ቀን ደርሷል፣ በጀቱ አልቋል አለ። በመጨረሻ ግን መግለጫው ታገደ። ዝግ ተብለው የተተኩት ቤቶች ማታና እሑድ ከሰዓት እንደገና እንዲታዩ ተወሰነ። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ወጡ፤ ክፍያውም በቀን ሆነ፤ የታክሲም ተጨመረላቸው።

መልሱ ተገለበጠ። አንድ ማታ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ እራቱን የሚበላ ሰው «ሥራ ቦታ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅብዎታል?» ተብሎ ሲጠየቅ «የመሄጃውን ነው የመመለሻውን?» አለ። ቅጹ ላይ ያለው አንድ ሳጥን ብቻ ነው። መጠይቁን ያዘጋጀነው ሰዎች ሁሉ የምንኖረው መሀል ከተማ ስለሆነ መመለሻው ለብቻው ሌላ መከራ መሆኑ ትዝ ያለው አልነበረም። ሁለተኛ ሳጥን ተጨመረ።

የጥበቃዎቹ ጉዳይ ግን እንዳለ ነው። የሚቀጥለው ጥናት ዝርዝርም ከቤት ቁጥር የተወሰደ ነው። ውሉ ላይ ክፍያው እንደገና በቅጽ ቁጥር ተደርጓል። ተቃውሞዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ። መልስ አልመጣም፤ ሰኞ ስብሰባ አለን፣ አነሳዋለሁ።