«ማክ አማርኛ አይችልም» ያለው ማነው?

«ማክ (የአፕል ኮምፒውተር) አማርኛ አይችልም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አሁንም ደሜ ይፈላል። እዚህ ሐዋሳ ዲዛይንና ህትመት የሚሠራ ሰው ይህን ሳይሰማ አይቀርም። እኔን ግን ያናደደኝ በሰኔ፣ የምርቃት ሥራ ጠረጴዛችን ላይ በተቆለለበት ሰሞን የሰማሁት ነው።

ደንበኛችን የአንድ ትምህርት ቤት ፀሐፊ ናቸው። ጡረታቸው የተቃረበ፣ ረጋ ያሉ ሴት። የምረቃ መጽሔት ሊያሠሩ ፍላሽ ይዘው መጡ። የርዕሰ መምህሩ መልዕክት፣ የመምህራን ዝርዝር፣ የተመራቂዎች ስም፣ ሁሉም በወርድ ተጽፎ አልቋል። ማኩ ላይ ሰክቼ ከፈትኩት። አማርኛ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና የዶላር ምልክት ተደበላልቆ ወጣ። ከሥሩ ያለው የሲዳምኛ ትርጉም ግን አንድ ፊደል አልጎደለበትም። ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ እንዲህ ያለ ጣጣ አይነካውም።

ፀሐፊዋ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ።

«ነግረውኝ ነበር እኮ» አሉ።

«ምን ብለው እናቴ?»

«ማክ ያለበት ቤት አይሂዱ፣ ማክ አማርኛ አይችልም ብለውኛል። ሲዳምኛውንማ ይኸው ችሎታል።»

ማን እንዳላቸው አልጠየቅኩም። ከፍላሹ ጋር የያዙት የሌላ ማተሚያ ቤት የዋጋ ማቅረቢያ ከነማህተሙ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

አለቃዬ ይህን ሲሰማ ደነገጠ። ሥራው እንዳያመልጠው ነው። ወዲያው አንድ ቴክኒሻን ጋ ደወለ። ሰውየው ደግሞ ማሽኑን ሳያይ «በቡት ካምፕ ዊንዶውስ እጭንላችኋለሁ» ብሎ ዋጋ ተናገረ። «አለቃ፣ የኛ ማሽን ኤም ዋን ነው» አልኩት። ቡት ካምፕ ማክ ላይ ዊንዶውስ የሚጫንበት የአፕል ፕሮግራም ነው፤ የሚሠራው ግን ኢንቴል ፕሮሰሰር ባላቸው ማኮች ላይ ነው። አፕል በ2020 እ.ኤ.አ. የራሱን ቺፕ ያላቸው ማኮች ማውጣት ጀመረ፣ የመጀመሪያው ቺፕ ኤም ዋን ነው፤ በእነሱ ላይ ቡት ካምፕ የለም። እርግጥ ፓራለልስ አለ፣ በነፃ የሚገኘው ዩቲኤምም አለ፤ ዊንዶውስን እንደ አንድ ፕሮግራም ማክ ውስጥ ያስነሱታል። ግን ችግሩ ዊንዶውስ ማጣት ካልሆነ እነሱን መጫን ለምን ያስፈልጋል?

አለቃዬ አላመነኝም። ፀሐፊዋም አላመኑኝም። ስለዚህ ፍላሹን ነቅዬ እንግዳ መቀበያው ጋ ያለው የዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት። ለእንዲህ ዓይነት ፋይል ብለን የድሮ ፎንቶች (የፊደል ቅርጽ የያዙ ፋይሎች) የጫንንበት ነው። አማርኛው ጥርት ብሎ ወጣ።

«ይኸው!» አሉ ፀሐፊዋ። ፊታቸው በራ። አለቃዬ ደግሞ እኔን ገላመጠኝ።

«አሁን የመጀመሪያውን አንቀጽ ይምረጡና ፎንቱን ኤሪያል ያድርጉት» አልኳቸው።

አደረጉት። አንቀጹ ማኩ ላይ እንዳየነው ያለ ዝብርቅርቅ ሆነ። ዊንዶውስ ላይ፣ እሳቸው በሚያምኑት ማሽን ላይ። መልሰው የድሮውን ፎንት መረጡ፣ አማርኛው ተመለሰ። እንደገና ኤሪያል አደረጉት፣ ጠፋ። ዝም ብለው ደጋግመው ሞከሩት።

«ታዲያ ፋይሉ ውስጥ ያለው ምንድነው ልጄ?»

እውነቱን ነገርኳቸው። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ ፎንቱ የአማርኛ ኮት ደርቦለት ነው አማርኛ የሚመስለው። ይህን የፈጠሩት ሰዎች አይወቀሱም። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ለግዕዝ ፊደል የተመደበ ቦታ አልነበረውም። አንድ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነበረው። የኛ 33 ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ ብቻ 231 ናቸው፤ ዲቃላዎቹ፣ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ከ256 ያልፋል። ስለዚህ ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት ከፋፍለው በላቲን ቦታ ላይ አስቀመጡት። በዚያ ዘዴ ስንት መጽሐፍና ጋዜጣ ታትሟል፣ ትልቅ ሥራ ነው። ግን የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ቁጥር ሠንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ በ3.0 እትም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ «ሰ» በየትኛውም ማሽን ላይ «ሰ» ነው። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ የግዕዝ ፎንት ይዞ መጥቷል፤ የመጀመሪያው ኒያላ ይባላል። ማክም «ከፋ» የሚባል የግዕዝ ፎንት ይዞ ነው የሚመጣው። አማርኛ አይችልም የተባለው ማሽን ማለት ነው!

ፀሐፊዋ ብዙውን ነገር በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ የጠየቁኝ ጥያቄ ግን ስለ መጽሔቱ አልነበረም።

«የተማሪዎቹ ስም ዝርዝር በኤክሴል ስደረድረው በፊደል ተራ እምቢ የሚለኝ ለዚህ ነው?»

ለዚህ ነው። ኮምፒውተሩ የሚደረድረው ከሥር ያለውን የላቲን ምልክት ነው። ሀሁን በምን ያውቃል? ሴትየዋ በየዓመቱ ሲመዘገብ ስም ዝርዝሩን በእጃቸው እየቆረጡ እየለጠፉ ነው ሲያስተካክሉ የኖሩት። ስህተቱ የራሳቸው መስሏቸው ለማንም ተናግረው አያውቁም። ይህን ሲነግሩኝ እውነት ለመናገር ሆዴ ተላወሰ። ይህች ከተማ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ በየመንገዱ ነው፣ ማተሚያ ቤቱ ብዙ ነው፤ ለእኚህ ሴት «ፋይልዎ ዩኒኮድ አይደለም» የሚል አንድ ሰው ጠፋ። «ማክ ጋ አይሂዱ» የሚል ግን ተገኘ።

ሥራው ራሱ ከባድ አልነበረም። የድሮውን ፎንት ከላፕቶፑ ገልብጬ ማኩ ላይ በፎንት ቡክ፣ በራሱ የፎንት መጫኛ ፕሮግራም፣ ጫንኩት። ሁለቴ ጠቅ ማድረግና «ኢንስቶል» ማለት ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። ጽሑፉ ማኩም ላይ በአማርኛ ታየ፤ ሁሉም የድሮ ፎንት እንዲህ አይታዘዝም፣ ይህኛው ግን እሺ አለ። አለቃዬ እዚህ ላይ «በቃ፣ እንደዚሁ እናትመው» አለ። እኔ ደግሞ አልፈለግኩም። መጽሔቱ ኢንዲዛይን በሚባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይ ነው የሚቀናበረው፣ ርዕሱንም ስሙንም ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ በሚባለው የዩኒኮድ ፎንት ማድረግ እፈልጋለሁ። ነፃ ነው፣ ከስስ እስከ ደማቅ ብዙ ውፍረት አለው፣ በትንሽ መጠን ሲታተምም ፊደሉ አይጨማደድም። የድሮውን ጽሑፍ ወደ ኖቶ ስትቀይረው ያው ዝብርቅርቁ ነው የሚመጣው። ፒዲኤፍ አድርጎ ማምጣትም ለማተም እንጂ ለማስተካከል አይሆንም፤ ሲታይ ቆንጆ ነው፣ ኮፒ ስታደርገው ያው ነው።

ስለዚህ እንደገና መጻፍ ነበረበት። ኪይማን ጫንኩ። ማክ ላይም ዊንዶውስ ላይም ስልክ ላይም የሚሠራ፣ ክፍያ የሌለው የኪቦርድ ፕሮግራም ነው፤ የአማርኛውን ኪቦርድ ከራሱ ገጽ ያወርዳል። ማክ ላይ ሲጫን ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ ገብቶ ፈቃድ መስጠት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ያንን ዘሎ «አልሠራም» ይላል። ፀሐፊዋ «ልሞክረው» ብለው ወንበሬን ወሰዱ። እጃቸው የለመደው ሌላ አቀማመጥ ስለሆነ መጀመሪያ ተቸገሩ። ኤስ ሲነኩ «ስ»፣ ኤስና ኢ ሲነኩ «ሰ»፣ ኤስና ዩ ሲነኩ «ሱ» እንደሚመጣ ሲያዩ ግን ነገሩ ገባቸው። የተመራቂዎቹን ስም አንድ በአንድ ራሳቸው ጻፉት። ሻይ አስመጣሁላቸው፣ ቀና ብለው አላዩትም።

ሲጨርሱ ኮማንድና ስፔስ አንድ ላይ እንዲጫኑና የአንዱን ልጅ ስም እንዲጽፉ ነገርኳቸው። ስፖትላይት፣ የማኩ መፈለጊያ፣ አዲሱን ፋይል አወጣው። የድሮው ፋይል እዚያው ማሽን ውስጥ አለ፣ ያው ልጅ ስሙ አለበት፣ ግን አልመጣም። አለቃዬን ጠርተው አሳዩት። እኔ ስናገር ያልሰማኝ ሰው እሳቸውን ሰማ። አሁን ደንበኛ ፍላሽ ሲያወጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዩኒኮድ ነው?» ብሎ ነው። ቴክኒሻኑን መልሶ አልደወለለትም።

መጽሔቱ በጊዜው ወጣ፣ አማርኛውም ሲዳምኛውም አምሮበታል። ያልተፈታው የትምህርት ቤቱ መዝገብ ነው። ፀሐፊዋ ከቅርቡ ዓመት ጀምረው ወደኋላ እየጻፉት ነው፤ ሲደክማቸው እኛ ቤት ይመጣሉ። የቅርቦቹ ፎንታቸው ስላለ ቢያንስ ይነበባሉ። ከሁሉም የቆዩት ፋይሎች ግን የተጻፉበት ፎንት እሳቸው ቢሮም እኛ ጋም የለም። የፋይሉ ስም አለ፣ መጠኑ አለ፣ የማን ውጤት እንደሆነ የሚያነብ የለም። የወረቀት ቅጂ የተረፈላቸውን ከወረቀቱ እየጻፍን ነው። ሐዋሳ ውስጥ በዘጠናዎቹ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት የነበራችሁ፣ ወይም ቤታችሁ የተቀመጠ የዚያን ዘመን ዲስክ ያላችሁ፣ አትጣሉት። ፎንቶቹን ላኩልኝ፣ አንድ በአንድ እሞክራቸዋለሁ።